ኢንሂቢተሩ የትኛው ዓይነት ነው? ከላብ ቁጥር እስከ ሜታቦሊዝም ካርታ ደረጃ በደረጃ

ተማሪ ሳስጠና አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ልጁ ሠንጠረዡን ሸምድዶ ይመጣል። «ኮምፒቲቲቭ፦ ኬ ኤም ይጨምራል፣ ቪ ማክስ አይለወጥም» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። አምስት ቁጥር ጽፌ «ይሄ የትኛው ነው?» ስለው ግን ዝም ይላል። ፈተና ላይ የሚመጣው ደግሞ ቁጥሩ ነው።

ችግሩ የልጁ ስንፍና አይደለም። ሽምደዳው የሚነግረው መልሱን እንጂ መንገዱን አይደለም። ስለዚህ እዚህ ሠንጠረዥ አንሸመድድም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘን የምንሄደው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ ወደ ምርት የሚቀይረው ንጥረ ነገር) ሲጨመር እገዳው ይላላል፣ ባለበት ይቆያል፣ ወይስ ይጠብቃል? ይህን መመለስ የቻለ ሰው የኢንሂቢተሩን ዓይነት ያውቃል። ሴል ውስጥ ምን እንደሚከተልም መገመት ይችላል።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደረጃ 2ን ዘሎ ግራፍ ለመሳል ስለሚሮጥ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ካሬ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ እና ካልኩሌተር አዘጋጁ። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ መስመር ማጥፋታችሁ አይቀርም።

ሦስት ቃላት ላይ እንስማማ። ቪ ማክስ ማለት ኢንዛይሙ በሰብስትሬት ሲጥለቀለቅ የሚደርስበት ትልቁ ፍጥነት ነው። ኬ ኤም ማለት ፍጥነቱ የቪ ማክስ ግማሽ የሚሆንበት የሰብስትሬት መጠን ነው። ኢንሂቢተር ደግሞ ኢንዛይሙ ላይ ተጣብቆ ሥራውን የሚያዘገይ ወይም የሚያስቆም ሞለኪውል ነው።

ቁጥሩን ራሳችሁ ላብ ውስጥ የምትለኩ ከሆነ እነዚህን አሟሉ፦

- ቢያንስ አምስት የሰብስትሬት መጠን ያዙ። ከኬ ኤም ሩብ እስከ ኬ ኤም አራት እጥፍ ቢዘልቅ ጥሩ ነው። ሁሉም ከኬ ኤም በላይ ከሆነ ግራፉ ምንም አይነግራችሁም።
- የኢንዛይሙ መጠን በሁሉም ቱቦ አንድ ይሁን። ሙቀቱም ፒ ኤቹም እንዲሁ።
- መነሻ ፍጥነት ለኩ። ከሰብስትሬቱ 10 ከመቶ ያህሉ ከማለቁ በፊት ንባቡን ውሰዱ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ የሚወርደው ሰብስትሬቱ ስላለቀ ሊሆን ይችላል።
- ኢንሂቢተሩ በአልኮል ከተሟሟ፣ ኢንሂቢተር የሌለበት ቱቦ ውስጥም ያንኑ ያህል አልኮል ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍጥነት የቀነሰ ሁሉ በኢንሂቢተር አይደለም

ቤት ውስጥ የሚታይ ምሳሌ ልስጥ። ድንች ላጡና ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ግማሽ ላይ ሎሚ ጨምቁ፣ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ያለ ሎሚ የቀረው ይጠቁራል፣ ሎሚ ያለበት ነጭ እንደሆነ ይቆያል። የሚያጠቁረው ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ብዙ ተማሪ ይህን አይቶ ሪፖርቱ ላይ «ሎሚ ኮምፒቲቲቭ ኢንሂቢተር ነው» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ብሎ ለመጻፍ ማስረጃ የለውም። የሎሚው አሲድ ፒ ኤቹን አውርዶ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። ቫይታሚን ሲው ደግሞ ወደ ጥቁር ቀለም ሊሄድ የነበረውን ኪኖን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አክቲቭ ሳይቱ (ሰብስትሬቱ የሚቀመጥበት የኢንዛይሙ ቦታ) ላይ ቦታ መሻማት ሳያስፈልግ ድንቹ ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ስለዚህ ኢንሂቢተሩን ስትጨምሩ ፒ ኤቹን እንደገና ለኩ። ተለውጦ ከሆነ በበፈር (ፒ ኤችን በሚያረጋጋ ፈሳሽ) አስተካክሉና ሙከራውን ድገሙት።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ዓይነቶች በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙ

ኢንዛይሙ ሚኒባስ ታክሲ ነው እንበል። ሰብስትሬቱ ተሳፋሪ ነው።

ኮምፒቲቲቭ፦ ሂሳብ የማይከፍል ሰው ወንበሩን ቀድሞ ይዞታል። ወንበሩ አንድ ነው፣ ሁለቱ አብረው አይቀመጡም። ወረፋው ላይ ተሳፋሪ በጣም ከበዛ ግን ወንበሩን ቀድሞ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪው ይሆናል። እገዳው ይላላል።

ነን ኮምፒቲቲቭ፦ ጎማው ተንፍሷል። ታክሲው ባዶ ሆነ ሞላ ለውጥ የለውም። ተሳፋሪ ስለተጨመረ ጎማ አይነፋም። እገዳው ባለበት ይቆያል።

አንኮምፒቲቲቭ፦ ትራፊክ ፖሊሱ የሚያስቆመው ሰው የጫነ ታክሲን ብቻ ነው። ባዶውን ያሳልፈዋል። ብዙ ታክሲ በጫነ ቁጥር ብዙ ታክሲ ይቆማል። እገዳው ይጠብቃል።

ተማሪዎችን በጣም የሚያስቸግራቸው ሦስተኛው ነው። ኢንሂቢተሩ ባዶ ኢንዛይም ላይ አይጣበቅም። የሚጣበቀው ኢንዛይሙ ሰብስትሬቱን ከያዘ በኋላ ነው። ይህን ካልያዛችሁ ቀጣዩ ቁጥር ግራ ያጋባችኋል።

ደረጃ 2፦ የሁለት ጫፍ ፍተሻ

ለልምምድ ያሰናዳሁት ቁጥር ይኸው። ሰብስትሬቱ በሚሊሞላር ነው፣ ፍጥነቱ በማይክሮሞል በደቂቃ። ሦስቱን ኢንሂቢተሮች ሀ፣ ለ፣ ሐ ብያቸዋለሁ። የሦስቱም መጠን 2 ሚሊሞላር ነው።

- ሰብስትሬት 1፦ ያለ ኢንሂቢተር 20፤ ሀ 7.7፤ ለ 10፤ ሐ 14.3
- ሰብስትሬት 2፦ ያለ ኢንሂቢተር 33.3፤ ሀ 14.3፤ ለ 16.7፤ ሐ 20
- ሰብስትሬት 4፦ ያለ ኢንሂቢተር 50፤ ሀ 25፤ ለ 25፤ ሐ 25
- ሰብስትሬት 8፦ ያለ ኢንሂቢተር 66.7፤ ሀ 40፤ ለ 33.3፤ ሐ 28.6
- ሰብስትሬት 16፦ ያለ ኢንሂቢተር 80፤ ሀ 57.1፤ ለ 40፤ ሐ 30.8

መካከለኛውን መስመር ልብ ብላችሁ እዩት። ሰብስትሬቱ 4 ሲሆን ሦስቱም ኢንሂቢተሮች ፍጥነቱን ከ50 ወደ 25 አውርደውታል። ሦስቱም «50 ከመቶ አገዱ»። በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ማንም ሊለያቸው አይችልም። ዩኒቨርሲቲ የነበርኩ ጊዜ የላብ ጓደኛዬና እኔ አንድ የሰብስትሬት መጠን ብቻ ለክተን ሙሉ ሪፖርት ጽፈን ነበር። ሪፖርቱ ተመለሰልን፣ መመለሱም ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ጫፎች ሂዱ።

1. ትንሹን ሰብስትሬት ውሰዱ። ከኢንሂቢተር ጋር ያለውን ፍጥነት ያለ ኢንሂቢተር ላለው አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። የተረፈው ፍጥነት በመቶኛ ይህ ነው።
2. ትልቁን ሰብስትሬት ውሰዱና ያንኑ አድርጉ።
3. ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ።

ሀ፦ ከ38.5 ወደ 71.4 ከመቶ ወጣ። ሰብስትሬቱ ሲበዛ እገዳው ላልቷል። ኮምፒቲቲቭ ነው።

ለ፦ 50 ነበር፣ 50 ቀረ። ነን ኮምፒቲቲቭ ነው።

ሐ፦ ከ71.5 ወደ 38.5 ከመቶ ወረደ። እገዳው ጠብቋል። አንኮምፒቲቲቭ ነው።

ግራፍ ሳትስሉ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሱ እጃችሁ ገባ። ፈተና ላይ ሰዓት ሲያጥራችሁ ይህን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ዓይነቱን ለይታችኋል። ለዚህ ነው ከግራፉ በፊት ያስቀመጥኩት።

ካልሠራ፦ የሁለቱ ጫፍ ልዩነት ጥቂት መቶኛ ብቻ ከሆነ አትወስኑ። የመለኪያ ስህተት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ንባብ ሦስት ጊዜ ድገሙና አማካዩን ውሰዱ። ትንሹና ትልቁ ሰብስትሬት ተቀራራቢ ከሆኑም (ለምሳሌ 3 እና 5) ፍተሻው አይሠራም፣ ጫፎቹን አራርቁ።

ደረጃ 3፦ ግልባጭ ግራፉን ሳሉ

ይህ የላይንዊቨር እና በርክ ግራፍ የሚባለው ነው። ዓላማው የታጠፈውን መስመር ቀጥ ማድረግ ነው።

1. እያንዳንዱን የሰብስትሬት መጠን ገልብጡ፣ ማለትም 1ን ለእሱ አካፍሉ። 1፣ 0.5፣ 0.25፣ 0.125፣ 0.0625 ታገኛላችሁ።
2. እያንዳንዱን ፍጥነት እንዲሁ ገልብጡ። ያለ ኢንሂቢተር ያለው 0.05፣ 0.03፣ 0.02፣ 0.015፣ 0.0125 ይሆናል። የሀ ደግሞ 0.13፣ 0.07፣ 0.04፣ 0.025፣ 0.0175 ነው። ለን እና ሐን ራሳችሁ ሥሩ።
3. ኤክስ አክሲሱን ስትሰምሩ ዜሮን ወረቀቱ መሐል ላይ አድርጉት። በግራ በኩል እስከ 1 ኔጌቲቭ ድረስ ቦታ ተዉ። ብዙ ሰው ዜሮን ግራ ጠርዝ ላይ ያደርግና መስመሩ ኤክስ አክሲስን የሚቆርጥበትን ነጥብ ያጣዋል። ኬ ኤም ያለው እዚያ ነው።
4. ነጥቦቹን አስቀምጡ። ማስመሪያውን በሁሉም ነጥቦች መሐል አሳልፉ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ነጥብን ብቻ አታገናኙ።
5. መስመሩን ወደ ግራ አራዝሙ፣ ኤክስ አክሲስን እስኪቆርጥ።

አሁን አንብቡ። መስመሩ ዋይ አክሲስን የሚቆርጥበት ቁጥር ሲገለበጥ ቪ ማክስ ይሆናል። ኤክስ አክሲስን የሚቆርጥበት ቁጥር፣ የኔጌቲቭ ምልክቱን ጥላችሁ ስትገለብጡት፣ ኬ ኤም ይሆናል።

ያለ ኢንሂቢተር፦ ዋይን በ0.01 ይቆርጣል፣ ቪ ማክስ 100። ኤክስን በ0.25 ኔጌቲቭ ይቆርጣል፣ ኬ ኤም 4።

ሀ፦ ዋይን እዚያው 0.01 ላይ ይቆርጣል። ቪ ማክስ አልተነካም። ኤክስን በ0.083 ኔጌቲቭ ይቆርጣል፣ ኬ ኤም ወደ 12 ወጥቷል። ሁለቱ መስመሮች ዋይ አክሲስ ላይ ይገናኛሉ።

ለ፦ ዋይን በ0.02 ይቆርጣል፣ ቪ ማክስ ወደ 50 ወርዷል። ኬ ኤም 4 እንደሆነ ነው። መስመሮቹ ኤክስ አክሲስ ላይ ይገናኛሉ።

ሐ፦ ዋይን በ0.03፣ ኤክስን በ0.75 ኔጌቲቭ ይቆርጣል። ቪ ማክስ 33.3፣ ኬ ኤም 1.33 ነው። መስመሮቹ ትይዩ ናቸው፣ አይገናኙም።

ሐ ላይ ሁሉም ሰው ያንኑ ጥያቄ ያነሳል፦ ኢንሂቢተር ሆኖ እንዴት ኬ ኤምን ይቀንሳል? ኬ ኤም ሲቀንስ ኢንዛይሙ ተሻለው ማለት አይደለም ወይ? አይደለም። ትራፊኩ የጫኑትን ታክሲዎች ሲያስቆማቸው፣ ከባዶዎቹ ተጨማሪ ተሳፋሪ ጭነው ወደ «የጫነ» ጎራ ይገባሉ። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሰብስትሬቱን አጥብቆ የያዘ ይመስላል። የያዘውን ግን ወደ ምርት አይቀይረውም። ቪ ማክስም አብሮ የሚወርደው ለዚህ ነው።

እዚህ የሚፈጠሩ ስህተቶች

*መስመሩን ገልብጦ ማንበብ።* በዚህ ግራፍ ላይ ከፍ ያለው መስመር የዘገየው ነው። ፍጥነቱ ተገልብጧላ። «ከፍ ስላለ ፈጠነ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

*በትንሹ ሰብስትሬት ላይ መታመን።* ግልበጣ ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ያለውን ስህተት ያገዝፋል። በሀ ላይ ሞክሩት። 7.7ን በስህተት 6.7 ብላችሁ ብታነቡ ግልባጩ ከ0.13 ወደ 0.149 ይዘላል፣ መስመሩ ሁሉ ይንጋደዳል። 57.1ን 56.1 ብታነቡ ግን ከ0.0175 ወደ 0.0178 ብቻ ነው የሚሄደው። ስህተቱ በሁለቱም 1 ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባችሁ በቅድሚያ ትንሹን ሰብስትሬት ደግማችሁ ለኩ። ኮምፒውተር ካላችሁ ያልተገለበጠውን ቁጥር ፍጥነትን ከሰብስትሬት መጠን ጋር ወደሚያያይዘው የሚካኤሊስ ሜንተን ቀመር በቀጥታ ማስገጠም ይሻላል። ግራፉን ለዓይን ብቻ ተጠቀሙበት።

*መስመሮቹ የትም አክሲስ ላይ አለመገናኘታቸው።* ከዋይ አክሲስ በስተግራ፣ ከኤክስ አክሲስ ከፍ ወይም ዝቅ ብለው ከተገናኙ አትደንግጡ። ሚክስድ ኢንሂቢተር ነው። ባዶውንም የጫነውንም ይይዛል፣ ግን እኩል አይደለም። መገናኛው ከኤክስ አክሲስ በላይ ከሆነ ባዶውን ይመርጣል። በታች ከሆነ የጫነውን። እንዲያውም በተግባር ሚክስዱ ከንጹሁ ነን ኮምፒቲቲቭ ይልቅ በብዛት ይገኛል።

ደረጃ 4፦ ጥንካሬውን አስሉ

ኬ አይ ኢንሂቢተሩ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ይነግራችኋል። ባነሰ ቁጥር የጠነከረ ነው።

ለኮምፒቲቲቭ፦ አዲሱን ኬ ኤም ለድሮው አካፍሉ። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ነው። ከዚህ ላይ 1 ቀንሱ፣ 2 ይቀራል። የኢንሂቢተሩን መጠን ለዚህ አካፍሉ። 2 ሚሊሞላር ለ2፣ ኬ አይ 1 ሚሊሞላር ነው።

ለነን ኮምፒቲቲቭና ለአንኮምፒቲቲቭ ግን የድሮውን ቪ ማክስ ለአዲሱ አካፍሉና በዚያው መንገድ ቀጥሉ። ለ 2 ሚሊሞላር፣ ሐ 1 ሚሊሞላር ይወጣላችኋል። ካልወጣ ምናልባት 1 መቀነሱን ረስታችኋል።

ደረጃ 5፦ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ?

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ኢንዛይሙን ለዘለቄታው የሚገድል ኢንሂቢተር ግራፍ ላይ ልክ እንደ ለ ይታያል። ግማሹ ኢንዛይም ሞቷል፣ ግማሹ ደህና ነው። ቪ ማክስ ይወርዳል፣ ኬ ኤም አይለወጥም። ግራፉ ብቻውን አይለያቸውም።

ሁለት ፍተሻ አድርጉ።

1. *የጊዜ ፍተሻ።* ኢንዛይሙንና ኢንሂቢተሩን ያለ ሰብስትሬት ቀላቅሉ። ወዲያው፣ ከ5፣ ከ15 እና ከ30 ደቂቃ በኋላ ጥቂት እየቀዳችሁ ለኩ። ፍጥነቱ በየጊዜው እየወረደ ከሄደ የማይመለስ መሆኑን ጠርጥሩ።
2. *የማቅጠን ፍተሻ።* ድብልቁን ሰብስትሬት በሞላበት ፈሳሽ ውስጥ 100 እጥፍ አቅጥኑት። ኢንሂቢተር የሌለበትንም እንዲሁ አቅጥኑ። ሥራው ከተመለሰ የሚመለስ ነው። ካልተመለሰ ኢንሂቢተሩ በኮቫለንት ቦንድ ተሳስሯል፣ አለበለዚያ እጅግ አጥብቆ ይዟል።

አስፕሪን ጥሩ ማሳያ ነው። ሳይክሎኦክሲጂኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም አንድ ሴሪን (አሚኖ አሲድ) ላይ አሴቲል ለጥፎበት ይሄዳል። የደም ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው አዲስ ኢንዛይም አይሠራም። ስለዚህ ውጤቱ ፕላትሌቱ እስኪሞት፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። አይቡፕሮፌን ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል፣ ግን ይለቀዋል። መድኃኒቱ ከደም ሲወጣ እገዳው ያበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች አሴቲልኮሊን ኤስተሬዝን የሚይዙት በዚህ በማይለቅ መንገድ ነው። ለላብ ሥራም ሆነ ለማሳያ ብላችሁ አትንኳቸው። ሰው ቢመረዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሰዓት በገፋ ቁጥር ኢንዛይሙን የሚያስለቅቀው መድኃኒት አቅም ያጣል።

ደረጃ 6፦ መስመሩ ከታጠፈ አቁሙ

ግልባጭ ግራፉ ላይ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር አልሠራ ካሉ በግድ አታስምሩባቸው። ወደ መጀመሪያው ቁጥር ተመለሱና ፍጥነትን በሰብስትሬት ላይ ሳይገለበጥ ሳሉ። የኤስ ቅርጽ ካያችሁ ኢንዛይሙ አሎስቴሪክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ኢንዛይም ብዙ ክፍሎች አሉት፣ አንዱ ሲይዝ ሌላውን ይለውጠዋል። የኬ ኤም ሕግ ለእሱ አይሠራም። በምትኩ ግማሽ ፍጥነት የሚገኝበትን የሰብስትሬት መጠን ከግራፉ ላይ አንብቡ፤ አሎስቴሪክ ኢንሂቢተር ብዙ ጊዜ ይህን ወደ ቀኝ ይገፋዋል።

ሜታቦሊዝምን የሚቆጣጠሩት ኢንዛይሞች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ ይህ ደረጃ የቀጣዩ በር ነው።

ደረጃ 7፦ ከቱቦው ወደ ሴሉ ውሰዱት

እስካሁን ሰብስትሬቱን የምንጨምረው እኛ ነበርን። ሴል ውስጥ ሰብስትሬቱ በራሱ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ኢንዛይሙ ሲታገድ ከላይ የሚመጣው ይጠራቀማል። ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ጥያቄያችንን እንደገና ጠይቁ፦ የተጠራቀመው ሰብስትሬት እገዳውን ያላላዋል ወይስ ያጠብቀዋል?

ኮምፒቲቲቭ ከሆነ መጠራቀሙ ቀስ በቀስ ኢንሂቢተሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። አንኮምፒቲቲቭ ከሆነ መጠራቀሙ እገዳውን ያባብሰዋል። አረም ማጥፊያው ግላይፎሴት ይህን በደንብ ያሳያል። የሚጣበቀው ኢንዛይሙ አንደኛውን ሰብስትሬት፣ ሺኪሜት 3 ፎስፌትን፣ ከያዘ በኋላ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ያ ሰብስትሬት ይጠራቀማል። በተጠራቀመ ቁጥር ግላይፎሴቱ የሚይዘው ኢንዛይም ይበዛለታል። አረሙ ከዚያ ወጥመድ መውጣት ያቅተዋል።

ማንኛውንም የሜታቦሊዝም ጥያቄ እንዲህ ሥሩ፦

1. መንገዱን በቀስት ሳሉ። እያንዳንዱ ቀስት ላይ የኢንዛይሙን ስም ጻፉ።
2. የታገደው ቀስት ላይ መስቀል አድርጉ።
3. ከመስቀሉ በፊት ላለው ሁሉ «ይበዛል»፣ ከኋላ ላለው «ያንሳል» ብላችሁ ጻፉ።
4. የበዛው ነገር ሌላ መውጫ እንዳለው ፈልጉ።
5. የበዛው ወይም ያነሰው ነገር ራሱ ሌላ ኢንዛይም እንደሚነካ ፈልጉ።

ብዙ ሰው 3 ላይ ያቆማል። ነጥብ የሚገኘው ግን 4 እና 5 ላይ ነው።

ምሳሌ አንድ፦ አሎፑሪኖል

መንገዱ፦ ሃይፖዛንቲን ወደ ዛንቲን፣ ዛንቲን ወደ ዩሪክ አሲድ። ሁለቱንም ቀስት የሚሠራው ዛንቲን ኦክሲዴዝ ነው። አሎፑሪኖል ያግደዋል። መስቀሉን ሁለቱም ላይ አድርጉ። ዩሪክ አሲድ ያንሳል፣ የሪህ ሕመምተኛ የሚፈልገውም ይህንን ነው። ሃይፖዛንቲንና ዛንቲን ይበዛሉ። መውጫ አላቸው? አዎ፣ በሽንት ይወጣሉ።

አሁን 5ን ጠይቁ። ይህ ኢንዛይም ሌላ የሚያፈርሰው ነገር አለ? አለ። አዛታይዮፕሪን የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ወደ መርካፕቶፑሪን ይለወጣል፣ መርካፕቶፑሪንን ከሚያፈርሱት አንዱ ይኸው ዛንቲን ኦክሲዴዝ ነው። ሁለቱ አብረው ከተሰጡ መርካፕቶፑሪኑ ተጠራቅሞ መቅኔን ይጎዳል። ፋርማሲስቱ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እንዲህ ያለውን ነገር እየፈለገ ነው። በቅንነት መልሱለት።

ምሳሌ ሁለት፦ ፎስፎፍራክቶካይኔዝ

በግላይኮሊሲስ (ሴል ግሉኮስን ሰባብሮ ኃይል በሚያገኝበት መንገድ) ሦስተኛው እርምጃ ላይ ይህ ኢንዛይም ፍራክቶስ 6 ፎስፌት ላይ ሁለተኛ ፎስፌት ይጨምራል። ኤ ቲ ፒ (የሴሉ የኃይል ሞለኪውል) ያግደዋል። እዚህ ላይ ተማሪ ይደናገራል፤ ኤ ቲ ፒ የዚሁ ኢንዛይም ሰብስትሬት ነዋ። ሁለት መቀመጫ አለው በሉ። አንዱ አክቲቭ ሳይቱ ነው፣ በትንሽ መጠንም ይሞላል። ሌላው የመቆጣጠሪያው ቦታ ነው፣ የሚሞላው ኤ ቲ ፒ ሲትረፈረፍ ነው። ሲሞላ ኢንዛይሙ ፍራክቶስ 6 ፎስፌትን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ሲትሬትም ይህን እገዳ ያጠናክራል።

አሁን ካርታውን ሥሩ። መስቀሉ ሦስተኛው ቀስት ላይ ነው። ፍራክቶስ 6 ፎስፌት ይበዛል። እሱ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ግሉኮስ 6 ፎስፌት ይሆናል፣ ያም ይበዛል። መውጫ አለው? ጡንቻ ውስጥ ወደ ግላይኮጅን ሊሄድ ይችላል። ሌላ ኢንዛይም ይነካል? አዎ፣ የጡንቻውን ሄክሶካይኔዝ ያግደዋል። ስለዚህ ሦስተኛው በር ሲዘጋ የመጀመሪያውም በራሱ ይዘጋል፣ ሴሉ የማይጠቀምበትን ግሉኮስ ወደ ውስጥ አይጎትትም። የጉበቱ ግሉኮካይኔዝ ግን በግሉኮስ 6 ፎስፌት እንዲህ አይታገድም። ጉበት ከምግብ በኋላ ግሉኮስ ማከማቸት አለበትና።

አንድ ሰው ሩጫ ሲጀምር ነገሩ ይገለበጣል። ኤ ቲ ፒ ትንሽ ሲያንስ ኤ ኤም ፒ (ኤ ቲ ፒ ሁለት ፎስፌት ሲያጣ የሚቀረው) በመቶኛ ሲታይ በብዙ ይጨምራል። ኤ ኤም ፒ እገዳውን ያነሳል፣ መንገዱ ይከፈታል።

«ለምን ሦስተኛው እንጂ አንደኛው አይደለም ዋናው መቆጣጠሪያ?» ብለው ከጠየቋችሁ፦ ግሉኮስ 6 ፎስፌት ብዙ መንገድ አለው። ወደ ግላይኮሊሲስ ብቻ የሚወስደው የመጀመሪያው የማይመለስ እርምጃ ሦስተኛው ነው። ፊድባክ (የመጨረሻው ምርት የመንገዱን መነሻ ሲያግድ) ስትፈልጉ ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን ቀስት ፈልጉ። ባክቴሪያው ኢ ኮላይ ከአሚኖ አሲዱ ትሪዮኒን ሌላ አሚኖ አሲድ፣ አይሶሉሲንን፣ የሚሠራው በአምስት እርምጃ ነው። አይሶሉሲን ሲበዛ የሚያግደው የመጀመሪያውን፣ ትሪዮኒን ዲአሚኔዝን ነው። መሐል ላይ ያለውን ቢያግድ ግማሽ የተሠራ ነገር ይጠራቀም ነበር።

ምሳሌ ሦስት፦ ሜታኖል

ሜታኖል ራሱ ያን ያህል አይደለም። አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲቀይረው ነው ዓይን የሚያጠፋው፣ ሰው የሚገድለው። መስቀሉን የመጀመሪያው ቀስት ላይ አድርጉ። ሆስፒታል ውስጥ ፎሜፒዞል ወይም ኤታኖል የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሁለቱም ለዚያው አክቲቭ ሳይት ይፎካከራሉ። ሜታኖሉ ይበዛል፣ መውጫው ግን አለ፤ ሳይቀየር በሽንትና በትንፋሽ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ወይም በዳያሊሲስ ይወገዳል። ደረጃ 2ን አስታውሱ፦ ኮምፒቲቲቭ እገዳ ሰብስትሬቱ ሲበዛ ይላላል። ስለዚህ ብዙ ሜታኖል ለጠጣ ሰው ኤታኖሉ መጠኑ በደም ምርመራ እየተለካ፣ ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን አንብባችሁ ቤት ውስጥ አረቄ ለማጠጣት አትሞክሩ። መጠኑ አይታወቅም፣ አረቄው ራሱ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል። ጠጥቶ ዓይኑ የደበዘዘበትን ሰው ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱት።

ካርታው አልገጥም ሲላችሁ

*ከመስቀሉ በኋላ ያለው ምርት አላነሰም።* ወይ ሌላ መንገድ አለው፣ ወይ ያገዳችሁት ቀስት ከመጀመሪያም የሚያዘገየው አልነበረም። ትርፍ አቅም ያለውን ኢንዛይም በግማሽ ብታግዱት ምርቱ ላይ ብዙ ለውጥ ላይታይ ይችላል።

*መጀመሪያ አንሶ እንደገና ተመለሰ።* ሴሉ ምላሽ ሰጥቷል። ስታቲኖች (ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድኃኒቶች) ኮሌስትሮል በሚሠራበት መንገድ ላይ ያለውን ኤች ኤም ጂ ኮኤ ሪዳክቴዝን ሲያግዱ የጉበት ሴል ኮሌስትሮል ያጥረዋል፣ ከዚያ ይህንኑ ኢንዛይም በብዛት ይሠራል። አብሮም ኤል ዲ ኤል (ኮሌስትሮልን በደም የሚያጓጉዝ ቅንጣት) የሚይዙ ተቀባዮችን ያበዛል፤ የደም ኮሌስትሮል የሚወርደው በዋነኛነት በእነዚህ ተቀባዮች በኩል ነው።

*አንድ ቀስት ማገድ አልበቃም።* እዚያው መንገድ ላይ ሁለተኛ መስቀል ፈልጉ። ኮትራይሞክሳዞል በሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ውስጥ ሁለት መድኃኒት ያለው ለዚህ ነው። ሰልፋሜቶክሳዞል ባክቴሪያው ፎሌት የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም፣ ትራይሜቶፕሪም ደግሞ ከዚያ ወረድ ብሎ ያለውን ያግዳል።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። መጀመሪያ በደረጃ 2 ቁጥሮች ላይ ለን እና ሐን ገልብጣችሁ ግራፋቸውን ሳሉ። የለ ግልባጭ 0.1፣ 0.06፣ 0.04፣ 0.03፣ 0.025፤ የሐ 0.07፣ 0.05፣ 0.04፣ 0.035፣ 0.0325 ካልወጣ ካልኩሌተሩን ሳይሆን የገለበጣችሁትን ረድፍ እንደገና እዩ። የአንዱን ረድፍ ፍጥነት በሌላው ረድፍ ሰብስትሬት ላይ አስቀምጣችሁት ሊሆን ይችላል።